ራሱ ብቻ ስለ ከበደው እንግዳ ሬሳ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወይዘሮ እናትነሽ በላቸው
ዕድሜ፦ ፵፪ ዓመት
አድራሻ፦ በጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት፣ ፎገራ ወረዳ፣ ሸምበቆ ጊዮርጊስ አጥቢያ
ሥራ፦ በጌታው ጉብታ ቁፋሮ አስተርጓሚ
ትምህርት፦ ሁለተኛ ደረጃ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ መጋቢት ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ
ቃል ተቀባይ፦ አስር አለቃ አበረ
ጉዳዩ፦ ከቁፋሮው ድንኳን ጠፋ ስለ ተባለው የጥንት አጽምና ወርቅ፤ ተጠርጣሪ ዳኘው ደጉ

ተገኘ! ጄሶው እንኳ አልተሰነጠቀም! ወርቁ ከነአፈሩ፣ ቦታውን ሳይለቅ፣ በሟቹ አንገት ላይ አለ። ዳኘው አልሰረቀም፣ አላቀለጠም፣ መቃብርም አልዘረፈም። እንደምን ዋሉ አስር አለቃ፤ ሰላምታውን ያዘገየሁት ነገሩ ጉሮሮዬን አንቆ ስላመጣኝ ነው። አስር አለቃ «መጀመሪያ ይቀመጡ፤ ከዚያ ከመነሻው ጀምረው በሥርዓት ይናገሩ» ስላሉኝ ተቀምጬ ከመነሻው እናገራለሁ። ልቀመጥ እንጂ፣ ይህ ሰው ሳይፈታ ከዚህ ግቢ የማልወጣ መሆኔም አብሮ ይጻፍልኝ።

ተጠርጣሪው ዳኘው ደጉ በሸምበቆ ጊዮርጊስ አጥቢያ የሚኖር ቀጥቃጭ ነው። በአጥቢያችን ከእሱ ወናፍ ያልወጣ ማረሻም ማጭድም የለም። ሚስቱ ካሳነሽ ሸክላ ሠሪ ናት። ከየካቲት ፳፰ ቀን ጀምሮ ከጥንት መቃብር የወጣ ወርቅ ሰርቀህ አቅልጠሃል ተብሎ ታስሮ ይገኛል፤ ሰኞም ወደ ደብረ ታቦር ተልኮ ይከሰሳል ተብሏል። ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ሆኖ መቃብር ይቆፍራል የሚል የቆየ ወሬ አለ፤ ዛሬ ያ ወሬ እግር አውጥቶ ይሄዳል። ካሳነሽ ገበያ ስትወጣ ሰው መንገድ ይለቅባታል። «የጅብ ሚስት መጣች» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንግዲህ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ስሙም ነው የታሰረው።

የጌታው ጉብታ የሚባለው ቦታ ከወረታ ወደ ርብ ወንዝ ሲወርዱ በሜዳው መካከል ይገኛል። በፎገራ ሜዳ ከዋልካ በቀር ምን አለ? ድንጋይ ብርቅ ነው። ያ ጉብታ ግን ዙሪያውን በጥቁር ድንጋይ የታጠረ ነው፤ ማን ከየት ተሸክሞ እንዳመጣው የሚያውቅ ሰው የለም። ክረምት ሜዳው ባሕር ሲሆን ከብቱ የሚጠጋበት እሱ ነው። አናቱ ላይ መካከሉ እንደ እምብርት ጎድጉዷል። ስሙን «የጌታው» ያሉት የጥንት ሰዎች ናቸው፤ የትኛው ጌታ እንደሆነ ግን እነሱም አልነገሩንም።

በጥር ወር ፕሮፌሰር ላስሎ የሚባሉ የሀንጋሪ ሰው የመንግሥት ፈቃድ ይዘው ጉብታውን ሊቆፍሩ መጡ። እንግሊዝኛ የሚያስተረጉም ሰው ሲያፈላልጉ እኔን አገኙ። እኔ ባለቤቴ ጎንደር ተቀጥሮ ሳለ ከልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ እስከ ዐሥረኛ ክፍል የተማርሁ ነኝ፤ «ለምን ይጠቅምሻል?» ያሉኝ ሁሉ አሁን ዝም ብለዋል። አስር አለቃ «ወደ ጉዳዩ» ስላሉኝ ወደ ጉዳዩ እመለሳለሁ።

ፕሮፌሰሩ ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ሞንጎሊያ በሚባል አገር የሺዮንግኑ መኳንንትን መቃብር ሲቆፍሩ የነበሩ ናቸው። ሺዮንግኑ ማለት የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በዚያ አገር ሜዳ ላይ የነገሡ ፈረሰኞች ናቸው። ጌታቸው ሲሞት ከላይ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ መደብ ይሠሩለታል፤ በደቡብ በኩል ቁልቁል የሚወርድ መግቢያ ያበጁለታል። ታች፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ፣ በግንድ ቤት ሠርተው ከሠረገላውና ከቻይና ሐሩ ጋር ያኖሩታል። ትንንሽ መቃብሮችም እንደ አጃቢ ከጎኑ ይሰለፋሉ። ፕሮፌሰሩ ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል፤ እኔ ሳስተረጉም ደግሞ ከእሳቸው እብስ ነበር።

«ታዲያ ከዚያ ሁሉ መቃብር ምን አገኙ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሌባ የተወልኝን» አሉኝ።

የእነዚያ ጌቶች መቃብር አብዛኛው ገና በጥንት ዘመን ተዘርፏል። ሌባው ከአናቱ ቆፍሮ ስለሚገባ መካከሉ ጎድጉዶ ይቀራል። ስለዚህ የእኛን ጉብታ እምብርት ባዩ ጊዜ ፕሮፌሰሩ ሠራተኛውን ሰብስበው «ወርቅ አትጠብቁ፤ ሌባ ቀድሞናል» ብለው በእኔ አፍ አስነገሩ። ሠራተኛው ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማው ወርቅ የምትለዋን ብቻ ነው።

እንዳሉትም መካከሉ ባዶ ሆነ። ሌባ የቆፈረውን ጉድጓድ የጎርፍ ደለል በየዓመቱ እየተደራረበ ሞልቶታል፤ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይቆጠራል። ነገር ግን ጌታው መካከል ላይ አልነበረም። የቀበሩት ሰዎች ብልጦች ኖረው በሰሜን በኩል ከግድግዳው ውስጥ ጓዳ ፈልፍለው እዚያ አኑረውታል፤ ሌባው ከአጠገቡ ደርሶ ሳያየው ተመልሷል። በየካቲት አጋማሽ አገኘነው። አጽሙ ሙሉ ነው፤ በአንገቱ ዙሪያ ከደረቀው ጭቃ ውስጥ የወርቅ ዶቃ ብልጭ ይላል። ፕሮፌሰሩ ዶቃውን ሜዳ ላይ መልቀም እምቢ አሉ፤ የተደረደረበት ሥርዓት ይጠፋል ብለው። በምትኩ የጨርቅ ቁራጭ ጄሶ ውስጥ እየነከርን ራሱንና አንገቱን ከነአፈሩ ጠቀለልነው። ጨርቁን የነከርሁት እኔ ነኝ። ሲደርቅ ድንጋይ ሆነ፤ ለማንሣትም ሁለት ሰው ፈለገ። አጽሙን ጭድ በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ አድርገን፣ የተለሰነውንም ራስ ከላይ አኑረን፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መኪና እስኪመጣ በቁፋሮው ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ።

የካቲት ፳፩ ቀን ቅዳሜ የእመቤታችን በዓል ስለሆነ ሥራ አልነበረም። የገበያ ቀንም ስለሆነ የአጥቢያው ወንድ በሙሉ ወረታ ገብቷል፤ እኔም እዚያው ገበያ ነበርሁ። ፕሮፌሰሩ ለጉዳይ ጎንደር ወጥተዋል። የድንኳኑ ዘበኛ አንለይ «የሞተ ሰው ማን ይሰርቃል?» ብሎ እሱም ገበያ ሄዷል። ሰኞ ጠዋት ስንመለስ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ፣ ጭዱ መሬት ላይ ተበትኖ አገኘነው።

ጭቃ ሹሙ አቶ አያልነህ ከዋርካው ሥር አውጫጭኝ ጠሩ። የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ተቀምጦ የሚያውቀውን እስኪያወጣ ማንም እንዳይነሣ ተባለ። ሴት በአውጫጭኝ አትቀመጥምና እኔ ከአጥሩ ወዲያ ቆሜ ሰማሁ። አቶ አያልነህ «የመንግሥት ወርቅ ጠፍቷል» ብለው ከፈቱት። ስለ አጽም አንድም ቃል አልወጣም፤ ሁሉንም የጨነቀው ወርቁ ነው። በመጨረሻ ወፍ ተናገረ ተባለ። ወፍ ማለት ስሙ የማይጠየቅ፣ ፊቱ የማይታይ ምስክር ነው። ወፉም «ዳኘው በማርያም ዕለት አፈር የነካ ዶማ ይዞ ሲሄድ ታይቷል» አለ።

አቶ አያልነህ «ዳኘው፣ በበዓል ቀን የት ስትቆፍር ዋልህ?» ብለው ጠየቁት።

ዳኘው ጋቢውን አጣፋ።

«ምን ቆፈርህ?»

«ወርቅ አልነካሁም፤ ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም» አለ።

ከተቀመጡት አንዱ «ጅብ የቆፈረበትን ይናገራል እንዴ!» ሲል ሳቁ። በዚያ ሳቅ ታሰረ። እኔ አጥሩን ይዤ ቆሜ ነበር፤ እሾሁ እጄ ውስጥ መግባቱን ያወቅሁት ቤቴ ስደርስ ነው።

ዳኘው ከታሰረ ወዲህ እኔና ካሳነሽ ስንቅ እየያዝን እዚህ ስንመላለስ አስር አለቃም ምስክር ናቸው። እዚህም እጁ ሥራ አልፈታ፤ የራሱን እስር ቤት በር ማጠፊያ ያበጀላችሁ እሱ ነው። ሰርቆ የሚያመልጥ ሰው የታሰረበትን በር ያጠብቃል? እሱንም «ዳኘው፣ በሞቴ፣ የት ነው የቆፈርኸው?» እያልሁ ወተወትሁት።

«እትዬ፣ ቃል አለብኝ» ይላል።

«ቃሉን የሰጠኸው ለማን ነው?»

«ለማን እንደሆነ ካወጣሁማ ቃሉ ምኑ ቀረ?»

ከዚህ በላይ አንድ ነገር አልወጣውም። እኔም እሱ ካልተናገረ ነገሩን ራሴ ፈልጌ አገኘዋለሁ አልሁ። የሠራተኛውን ቤት ሁሉ ዞርሁ። አንለይን እስኪያለቅስ ድረስ ጠየቅሁት። ወንድ ሁሉ ሲጠየቅ ወርቅ ወርቅ ይላል። አንዳቸውም የረባ ነገር አልነገሩኝም፤ ለካ የማያውቁትን ሰዎች ነበር የምጠይቅ።

መጋቢት ፲፬ ቀን ከሰዓት በኋላ በጎረቤቴ በእታለም ቤት ተሰብስበን ጥጥ እንፈትል ነበር። እታለም እንዝርቷን እያሾረች «የዚያ ባሕታዊ አፈር ግን መድኃኒት ነው፤ ወገቤን ብቀባው ተነሣሁ» አለች።

«የቱ ባሕታዊ?» አልኋት።

«በማርያም ዕለት የቀበርነው ነዋ! እማሆይ ወለተ ሐና ሜዳ ላይ ያገኙት እንግዳ። አንቺ የት ነበርሽ?»

«ገበያ።»

«እንግዲያው አመለጠሽ! እንደሱ ያለ ሬሳ ተሸክሜ አላውቅም። ጾም ያደረቀው፣ እንደ ባዘቶ የቀለለ። ተአምሩ ደግሞ ምን መሰለሽ፣ ራሱ ብቻ ይከብዳል! በራሱ በኩል የያዝነው ትከሻችን ተላጠ። ጸሎት የሞላበት ራስ አይደል? አይፈረድበትም።»

እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ። የዚያን ራስ ክብደት የማውቀው እኔ ነኝ፤ በእጄ ነው የለሰንሁት።

«እታለም፣ በጊዮርጊስ ይዤሻለሁ፣ ሬሳውን በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«በሰሌን ተጠቅልሎ፣ በእማሆይ ጋቢ ተሸፍኖ ነው የደረስነው። የሰው ሬሳ ይገለጣል እንዴ?»

«ታዲያ ያን ጊዜ ሁሉ ሰው ሲጠየቅ ለምን አልተናገራችሁም?»

ሴቶቹ ሁሉ እንዝርታቸውን አቁመው አዩኝ። «ጠፋ የተባለው ወርቅ ነው፤ እኛ ሰው ቀበርን እንጂ ወርቅ መቼ አየን? ደግሞስ ማን ጠየቀን?» አለች እታለም። ቀጥላም ወንዱ ገበያ ስለ ነበር ቃሬዛውን ሴቶች ተሸክመው መውጣታቸውን፣ በመንገድ ላይ አቶ አያልነህ ከገበያ ሲመለሱ እንዳገኟቸው ነገረችኝ። እሳቸውም እንደ አገሩ ሥርዓት ከበቅሏቸው ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ሴት ሬሳ ተሸክማ እኔ በበቅሎ አላልፍም» ብለው በራሱ በኩል ተቀብለዋቸው ኖሯል። እኔ በዐቢይ ጾም እልልታ አይገባም እንጂ በዚያች ሰዓት ጣራውን ባፈረስሁት ነበር። ጠፋ የተባለውን የመንግሥት ንብረት ጭቃ ሹሙ ራሳቸው በትከሻቸው ተሸክመው ቀብረው፣ ተመልሰው ደግሞ አውጫጭኝ ጠርተዋል!

ከእታለም ቤት ወጥቼ በቀጥታ ወደ ሸምበቆ ጊዮርጊስ ሄድሁ። ቄስ ማረውን አግኝቼ መቃብሩ እንዲከፈት ለመንኋቸው።

«የተቀበረ አይነሣም» አሉኝ።

«አባቴ፣ ያልሞተ ሰው ተቀብሯል፤ ወረታ ጣቢያ ውስጥ።»

«እኔ ፍትሐቱን አድርሻለሁ፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው ቢጠፋ እንኳ ‹ስሙን አንተ የምታውቀው ባሪያህ› ብዬ አሳርጌያለሁ። አሁን ደርሰሽ ከክርስትና በፊት የነበረ አረማዊ ነው ብትይኝ፣ ያን ጸሎት ከሰማይ ጎትቼ አላወርደው።»

«ጸሎቱ ይቆይ፤ ሰሌኑ ብቻ ይገለጥ ነው የምል።»

ብዙ ካሰቡ በኋላ «የቀበረችው በአፏ ትናገር። እማሆይ ካዘዙ ዶማውን እኔ አነሣለሁ» አሉኝ።

እማሆይ ወለተ ሐና የእናቴ እኅት ናቸው። ከቀብሩ ማግስት በጣና ዳር ወደሚገኝ ገዳም ለሱባኤ ወርደው ስለ ነበር ስለ አውጫጭኙም ስለ እስሩም የሰሙት ነገር አልነበረም። መጋቢት ፲፭ ቀን በጠዋት በእግሬ ተነሥቼ፣ ከሐይቁ ዳር ታንኳ ለምኜ ተሻገርሁ። በር ላይ የምትቆመው መነኩሲት «እስከ ሆሣዕና ከሰው አይነጋገሩም» አለችኝ። «እሳቸው አይናገሩ፤ እኔ እናገራለሁ» ብዬ ከበዓታቸው ደጃፍ ተቀመጥሁና በዝጉ በር በኩል ሁሉን ነገርኋቸው። መናገር መቼ ይቸግረኛል። ዳኘው ታሰረ የምትለው ቃል ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተ።

«ማን? ዳኘው? ስለ ምን?» አሉ እማሆይ።

«ወርቅ ሰርቀሃል ተብሎ።»

«የምን ወርቅ? እኔ ወርቅ አላየሁም። ፈረንጅ ሁሉ መድኃኒት አያጣም ብዬ ለዓይኔ ልለምን ድንኳኑ ደረስሁ። ሰው የለም። አንድ ድኻ አጥንቱ ጭድ ላይ ተጥሏል፤ ራሱን እንደ ግድግዳ ለስነውታል! እንደ ግድግዳ፣ እናትነሽ! የሰው ራስ! ይህን አይቼ ልለፍ? በሰሌን ጠቀለልሁት፣ በጋቢዬ ሸፈንሁት፣ ሰው ጠርቼ አስቀበርሁት። በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ከማን ደበቅሁ?»

«ዳኘውንስ ለምን አትናገር አሉት?»

እማሆይ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «መቃብሩን የሚቆፍር ወንድ ጠፋ፤ እሱ ብቻ ቤቱ ነበር። ‹ስለ እግዜር› ስለው ዶማውን ይዞ ተነሣ። ግን ቀጥቃጭ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ቆፈረ ቢባል፣ ያ የሰው አፍ ሬሳውን መልሶ ያወጣው ነበር። ስለዚህ ቆፍሮ ሰው ሳይመጣ እንዲሄድ፣ ለማንም እንዳይናገር አስማልሁት። ይህን ያህል ይጠብቀዋል ብዬ መቼ አሰብሁ» አሉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወዲያው ተነሡ። «ታንኳውን አስቆሚ። ሱባኤውን ፈጣሪ ይቆጥርልኛል፤ እስር ቤት ያለውን ሰው ግን እሱ አይቆጥርልኝም» አሉ።

ዛሬ መጋቢት ፲፯ ቀን ጠዋት ቄስ ማረው፣ እማሆይ ወለተ ሐና፣ አቶ አያልነህ፣ ፕሮፌሰሩ፣ እኔ እና በርካታ የአጥቢያው ሰዎች ባለንበት መቃብሩ ተከፈተ። አቶ አያልነህ ገና ነገሩ ስላልገባቸው ከዳር ሆነው «ማን ነው ይህን እዚህ የቀበረው?» ብለው በቁጣ ጠየቁ።

«አንተ ነሃ» አሉ እማሆይ።

«እኔ?»

«ከበቅሎህ ወርደህ በራሱ በኩል የተሸከምኸው አንተ አይደለህም? ‹እማሆይ፣ ይህ ሰው ምን ያለ ራስ ነው ያለው› ያልኸኝስ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ አቶ አያልነህ ዞረ። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ጭቃ ሹማችን ሌባ ፍለጋ ሩቅ ሄዱ እንጂ ቅርብ ነበር!» ሲል መቃብር ዳር መሆኑ ተረሳና ሁሉም ሳቀ። አቶ አያልነህ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ቆዩ። ሲገልጡት አልሳቁም። «በእኔ ቃል ታሰረ፤ በእኔ ቃል ይፈታል» አሉ። ይህን ሲሉ የሰሙ ሁሉ ይመሰክራሉ።

ሰሌኑ ሲገለጥ ጄሶው እንዳለ ነው። የእኔ የአምስቱ ጣቶቼ ምልክት እንኳ በጀርባው ላይ አለ። ፕሮፌሰሩ በጉልበታቸው ተንበርክከው በትንሽ ቢላዋ እንደ መስኮት አንድ ቦታ ከፈቱት። የወርቁ ዶቃ ከነአፈሩ፣ አንዱ ከአንዱ ተደግፎ፣ ተኝቷል። ሰው ሁሉ በየተራ ጎንበስ ብሎ አየ። ካሳነሽ ግን አላየችም፤ «እኔ ወርቁን ምን አደርገዋለሁ?» ብላ መንገዱን ወደ ወረታ ጀመረች።

ፕሮፌሰሩ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን በሞንጎሊያ አንድ ሽማግሌ እረኛ በየጠዋቱ መጥቶ፣ እነሱ ዶማ ሳያነሡ፣ በመቃብሩ ዳር ወተት ይረጭ እንደ ነበር ነገሩኝ፤ «እናትነሽ፣ እዚያ ሽማግሌውን ሳልጠይቀው ቀረሁ። እነዚህን ሴቶች ግን ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂልኝ» አሉ።

እማሆይ «ወርቁን ለመንግሥት ይውሰድ፤ ሰውየውን ለእኛ ይተውልን» አሉ።

ፕሮፌሰሩ አጽሙን ሳይለኩና ሳይመረምሩ እንደማይሆንላቸው አስረዱ።

«ይለካ፤ ግን እዚሁ፣ እኔ እያየሁት። ሲጨርስም ይመልሰው» አሉ እማሆይ።

ተስማሙ። ቄስ ማረው «ከቅጽሩ ውጭ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እማሆይ አዩዋቸው፤ ዘጉት።

ካሳነሽ ስንቁን ልትይዝ በቤቷ በኩል ስለ ዞረች፣ እኔ ሌሎቹንም ወደ ኋላ ትቼ ቀድሜ ወደዚህ መጣሁ። ስገባ ዳኘው ግቢው ውስጥ ነበርና «ዳኘው፣ ተገኘ!» አልሁት። ቶሎ ደስ አላለውም።

«እማሆይ በአፋቸው ተናገሩ?» አለኝ።

«በአፋቸው፣ በሕዝብ ፊት።»

«እንግዲያስ የቆፈርሁት እኔ ነኝ» አለና የካቲት ፳፩ ቀን የገባውን ቃል ዛሬ ከትከሻው አወረደ። ጥልቅ አድርጎ እንደቆፈረ፣ ዋልካው እንዳይንሸራተት ጠርዙን እንደደለደለ ሁሉ ነገረኝ። ስለ ሌላው ነገር አንዳችም አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ «ዝናም ገብቶበት ነበር?» ብሎ ነው። አልገባበትም አልሁት።

አስር አለቃ አበረ ያለ አለቃቸው ትእዛዝ መፍታት እንደማይችሉ፣ ነገር ግን የታመነ ዋስ ከመጣ ሰውየው በዋስ ሊወጣ እንደሚችል ገልጸውልኛል። ዋሱ በመንገድ ላይ ነው፤ አሁን ከበሩ የሚሰማው የበቅሎ ኮቴ የአቶ አያልነህ ነው። እኔ ግን ከዋስትናው በላይ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ወፉ ተደብቆ የተናገረው በሰው ሁሉ ጆሮ ገብቷል፤ ስለዚህ መታረሙም በሰው ሁሉ ፊት ይሁን። ከዋርካው ሥር ተቀምጠው የሳቁት ሁሉ እዚያው ዋርካ ሥር ተመልሰው ይቀመጡ። ያን ጊዜ ሴት አትቀመጥም ተብሎ ነበር፤ አሁን ግን ሴቶች እንቀመጣለን፤ ነገሩን ያወቅነው እኛ ነንና።

ከዚህ በላይ የተጻፈውን አስር አለቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበውልኝ ሰምቻለሁ። ሁለት ቦታ አስቆሜ አሳርሜያለሁ። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብያለሁ፤ ያልጨመርሁበትና ያልቀነስሁበት ስለመሆኑ በእምነቴ ቃል እገባለሁ፤ ደብረ ታቦርም ሆነ ሌላ ቦታ ብጠራ ይህንኑ እደግማለሁ፣ ምናልባት ረዘም አድርጌ።

የምስክሯ ፊርማ፦ እናትነሽ በላቸው
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ አስር አለቃ አበረ
እማኝ፦ አያልነህ (ጭቃ ሹም፣ ፊርማ)
እማኝ፦ ወለተ ሐና (የአውራ ጣት አሻራ)

ምስክሯ ከፈረሙ በኋላ ከፊርማቸው ሥር እንዲጨመርላቸው አጥብቀው ስለጠየቁ የሚከተለው ተጽፏል፦

ዳኘው በአቶ አያልነህ ዋስነት አሁን ከበሩ ወጥቷል፤ ካሳነሽም ደርሳ አብረው ቆመዋል። ጾሙ ስላለ ዛሬ አናርድም። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን አቶ አያልነህ አንድ ወይፈን ይጥላሉ፤ ከዳኘው ጋር በአንድ መሶብ የመጀመሪያውን ቁራሽ የሚያነሡትም እሳቸው ናቸው፤ ይህን በእማኞች ፊት ምለዋል። በአውጫጭኙ የተቀመጠ፣ ቃሬዛውን የተሸከመ፣ መንገድ ለካሳነሽ የለቀቀ፣ የሳቀም ያልሳቀም፣ ፕሮፌሰሩም፣ አስር አለቃም፣ ያ ስሙ የማይጠየቀው ወፍም ጭምር ይምጣ፤ ማንነቱን አንጠይቀውም፣ ይብላ ብቻ። ቀሪ የለም። ቀኑ የልደታ ዕለት ነው፤ ግንቦት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ፣ በጠዋት፣ ከዋርካው ሥር።